የፎርም ፊልድና የጋምቤላ ተመዝጋቢ

በአሁኑ ጊዜ ብዙ መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤት መዝገቡን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በማዛወር ላይ ይገኛል። ከዚህ ሥራ ብዙው የሚወድቀው እንደ እኛ ባሉ ተማሪዎችና በቅርቡ በተመረቁ ወጣቶች ትከሻ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከሥራው ውስጥ ትንሽ የሚመስለውን ክፍል ነው፤ ይኸውም በፒ.ኤች.ፒ. በተጻፈ ፕሮግራም የአስተዳዳሪ ገጽ ላይ የፎርም ፊልዶችን እንደ አገሩ ሁኔታ ማስተካከል ነው። ለምሳሌ የመረጥነው ጋምቤላን ነው፤ ከሌላ አገር ተዘጋጅቶ የመጣ ፎርም የት የት ላይ እንደማይገጥም በዚያ በግልጽ ይታያልና።

ፊልድ ምንድን ነው?

ፒ.ኤች.ፒ. ራስመስ ለርዶርፍ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ የለቀቀው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ሙድል፥ ዎርድፕረስና ድሩፓል የተጻፉት በዚሁ ቋንቋ ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ለሁሉ ክፍት ከሆነው ገጽ ሌላ መዝጋቢውና ኀላፊው ብቻ የሚገቡበት የአስተዳዳሪ ገጽ አለው። ፊልድ የምንለው በፎርሙ ላይ ያለውን አንድ ጥያቄና የመልሱን ባዶ ቦታ ነው።

አንድ ፊልድ በሦስት ቦታ እንደሚኖር ማወቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ በገጹ ላይ አለ፤ በዚያ መጠሪያው፥ ዐይነቱና ግዴታ መሆን አለመሆኑ ይታያል። ሁለተኛ በማጣሪያው ውስጥ አለ፤ ማጣሪያው የተጻፈውን መርምሮ የሚቀበል ወይም የሚመልስ የፕሮግራሙ ክፍል ነው። ሦስተኛ በዳታቤዙ ውስጥ አለ፤ መልሱ የሚቀመጥበት ዓምድ ማለት ነው። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የፊተኛውን ብቻ ለውጦ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። መጠሪያው ተለውጦ ማጣሪያው ካልተለወጠ ግን ሰውየው ተመልሶ ይሄዳል።

የማስተካከያው መንገድ እንደ ፕሮግራሙ ይለያያል። በሙድል አስተዳዳሪው ኮድ ሳይጽፍ ለተጠቃሚው ፕሮፋይል አዲስ ፊልድ ሊጨምር ይችላል፤ ዐይነቱን (አጭር ጽሑፍ፥ ምርጫ፥ ቀን ወይም ምልክት ማድረጊያ) ይመርጥና ግዴታ ይሁን አይሁን፥ ማንስ ይየው የሚለውን ይወስናል። በሲምፎኒ ላይ በሚሠራው ኢዚአድሚን ደግሞ «ኮንፊገር ፊልድስ» በሚባለው የኮድ ክፍል ፊልዶቹ አንድ በአንድ ይዘረዘራሉ፤ ለእያንዳንዱም «ሴት ሌብል» መጠሪያውን፥ «ሴት ሪኳየርድ» ግዴታነቱን፥ «ሴት ሄልፕ» ማብራሪያውን፥ «ሴት ፐርሚሽን» ማን ሊያየው እንደሚችል ይወስናል። ከዚህ ቀጥሎ አንድ የተማሪዎች መመዝገቢያ ለጋምቤላ እንዲሠራ ታዘዝን ብለን እናስብና ፊልዶቹን በተራ እንያቸው።

1ኛ. ስም

የውጭው ፎርም ሁለት ቦታ ብቻ ይሰጣል፤ የራስ ስምና የቤተ ሰብ ስም። በአገራችን ግን የሚጻፈው የራስ፥ የአባትና የአያት ስም ነው። የኑዌር ተማሪም የአኝዋሃ ተማሪም የሚመዘገበው በዚሁ ሥርዐት ነው። በአኝዋሃ ኦኬሎ የሚባለው ከመንታ በኋላ የተወለደ ወንድ ነው፤ ስሙ የልጁን አወላለድ እንጂ የቤተ ሰቡን መጠሪያ አይናገርም። ፎርሙ የመጨረሻውን ስም የቤተ ሰብ ስም ነው ብሎ ከወሰደ፥ የክፍሉ ስም ዝርዝር በአያት ስም ተደርድሮ ይወጣል፤ መምህሩም ተማሪውን በአያቱ ስም ይጠራዋል። ስለዚህ ሦስት ፊልድ ማድረግና ዝርዝሩ በራስ ስም እንዲደረደር ማዘዝ ይገባል።

2ኛ. ፊደል

የጋምቤላ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ኑዌርኛና አኝዋሃኛ ግን የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ ያው ሰው በሁለት ፊደል ስም ሊኖረው ይችላልና ለሁለቱም ቦታ መስጠት ይሻላል። ችግሩ ማጣሪያው ላይ ነው። ብዙ ማጣሪያ የሚቀበለው ከእንግሊዝኛው «ኤ» እስከ «ዜድ» ያሉትን 26 ፊደላት ብቻ ነው። ኑዌርኛ ግን በእንግሊዝኛ የሌሉ ፊደላት አሉት፤ ከሥራቸው ሰረዝ ወይም ከላያቸው ሁለት ነጥብ የሚደረግባቸው አናባቢዎችም አሉት። እንዲህ ያለ ስም ሲጻፍ ፎርሙ «ስሕተት ነው» ይላል፤ ሰውየው የገዛ ስሙን መጻፍ የማያውቅ ይመስል። መድኀኒቱ የፊደል ዝርዝሩን ትቶ በዩኒኮድ አሠራር «ማንኛውም ፊደልና በፊደል ላይ የሚደረግ ምልክት» ብሎ ማዘዝ ነው።

የርዝመት ልክም እንዲሁ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቶአል፤ በዛሬው የተለመደ አቀማመጥም አንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ስትርለን» የሚባለው የፒ.ኤች.ፒ. ትእዛዝ የሚቈጥረው ባይትን ነው። እንግዲህ ልኩ 20 ቢሆን፥ ገብረመድኅን የሚለው ስም 7 ፊደል ሆኖ ሳለ 21 ባይት ነውና «ረዘመ» ተብሎ ይመለሳል። «ኤምቢ ስትርለን» የሚባለው ትእዛዝ ግን ፊደልን ይቈጥራል። ዓምዱም በአሮጌው የላቲን አቀማመጥ የተሠራ ከሆነ ግዕዙን ወይ አይቀበልም ወይ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል፤ ስለዚህ ዓምዱ በዩ.ቲ.ኤፍ. 8 መቀመጥ አለበት።

3ኛ. የልደት ቀን

«ቼክዴት» የሚባለው የፒ.ኤች.ፒ. ማረጋገጫ የሚያውቀው የፈረንጆችን 12 ወር ብቻ ነው፤ 13ኛ ወር የለም ይላል። ከዓመቱ 8 ቀንሶ መሄድም አያዋጣም፤ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ቀን ድረስ 7 ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜ 8 ይሆናል። ጳጉሜ 6 ቀን 1995 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2003 ነበር። ስለዚህ ፊልዱን ቀን፥ ወርና ዓመት ብለን በሦስት ከፍለን በኢትዮጵያ አቈጣጠር እንጠይቅ፤ ለውጡን «ኢንትል ካሌንደር» ለሚባለው የፒ.ኤች.ፒ. መሣሪያ እንተውለት፤ የኢትዮጵያን አቈጣጠር ያውቃልና።

የተወለደበትን ዓመት እንጂ ቀኑን የማያውቅም ብዙ ሰው አለ። ቀኑን ግዴታ ካደረግን መዝጋቢው ከራሱ አውጥቶ ይሞላል። በዓለም ላይ ብዙ ስደተኞች በወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 የተወለዱ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። «ዓመቱን ብቻ አውቃለሁ» የሚል ምልክት ማድረጊያ ብንጨምር መዝገቡ ከሐሰት ይድናል።

4ኛ. አድራሻ

ፎርሙ ክልል፥ ዞን፥ ወረዳ ብሎ ሦስቱንም ግዴታ ያደርጋል። ላሬና ጅካዎ በኑዌር ዞን፥ አቦቦና ጎግ በአኝዋሃ ዞን፥ ጎደሬና መንገሺ በመዠንግር ዞን ናቸው። ኢታንግ ግን ልዩ ወረዳ ስለሆነ በማናቸውም ዞን ሥር አይደለም። ከኢታንግ የመጣች ልጅ ዞን የሚለውን ባዶ ብትተው ፎርሙ አያሳልፋትም፤ ለማለፍ ስትል አንዱን ዞን ብትመርጥ ደግሞ የማትኖርበት ቦታ ነዋሪ ትሆናለች። በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ሲወጣ የኢታንግ ተማሪዎች ቍጥር ለሌላው ዞን ተጨምሮ ይገኛል።

በገጹ ላይ ግዴታውን ማንሣት ብቻ አይበቃም፤ ማጣሪያውም ዓምዱም ባዶ እንዲቀበሉ መለወጥ አለባቸው። ከዚህ የሚሻለው ግን ተመዝጋቢውን ወረዳውን ብቻ መጠየቅ ነው። ዞኑን ፕሮግራሙ ከወረዳዎች ሠንጠረዥ ራሱ ያወጣዋል፤ የኢታንግም መስመር ዞኑ ባዶ ሆኖ ይቀመጣል።

5ኛ. ብሔረሰብ

እስካሁን ያየነው እንዴት እንጠይቅ የሚለውን ነው። ይህኛው ፊልድ ግን እንጠይቅ ወይስ አንጠይቅ ያሰኛል። በጋምቤላ አኝዋሃ፥ ኑዌር፥ መዠንግር፥ ኦፖና ኮሞ ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል የመጡም ብዙ ናቸው። የሚያስጠይቅ በቂ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ለምሳሌ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ለማስተማር ስንት መምህርና ስንት መጽሐፍ እንደሚያስፈልግ ለማወቅ። ነገር ግን ለዚህ የሚያስፈልገው የተማሪው ቋንቋ ነው። ቋንቋውን ጠይቀን ብሔረሰቡን ብንተው ሥራው አይጐድልበትም።

እንዲህ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በሩዋንዳ በቅኝ ግዛት ዘመን በመታወቂያ ላይ የገባው የጐሣ መጠሪያ፥ እ.ኤ.አ. በ1994 በየመንገዱ ኬላ ሰው እየተለየ የሚገደልበት ምልክት ሆኖአል። በጋምቤላ ከተማም ከታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. ጀምሮ አኝዋሃዎች በማንነታቸው እየተለዩ ተገድለዋል። ፎርም ሰውን አይገድልም፤ ነገር ግን የተጻፈ መዝገብ በማን እጅ እንደሚገባ የጻፈው ሰው አያውቅም። ሕጋችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 የዘር ወይም የብሔር ማንነትን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች መካከል አድርጎታል።

ስለዚህ ፊልዱ የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ እንኳ ግዴታ አይሁን፤ በስም ዝርዝሩ ላይ አይታይ፤ «ሴት ፐርሚሽን» በሚባለው ትእዛዝም ሥራው ለሚጠይቀው ሰው ብቻ ይከፈት። በገጹ ላይ መሰወሩ በዳታቤዙ ውስጥ የለም ማለት እንዳልሆነ ግን አንርሳ። ከሁሉ የሚጠበቀው ያልተመዘገበው ነው።

ማጠቃለያ

ጓደኞቻችን እንዲህ ያለ ሥራ ሲሰጣቸው ፎርሙን ከማስረከባቸው በፊት በአምስት ተመዝጋቢ ይፈትኑት፤ አንዷ ከኢታንግ የመጣች ትሁን፤ አንዱ ጳጉሜ 6 ቀን የተወለደ ይሁን፤ አንዱ ስሙ በኑዌርኛ ፊደል የሚጻፍ፥ አንዱ ገብረመድኅን የሚባል፥ አንዱም የልደት ዓመቱን ብቻ የሚያውቅ ይሁን። አምስቱም አንዲት ሐሰት ሳይጽፉ ካለፉ ፎርሙ ደኅና ነው። ካላለፉ የሚታረመው ፎርሙ ነው፤ ሰዎቹ የሚታረም ነገር የለባቸውም። ከዚያም ስለ እያንዳንዱ ፊልድ «ይህን መልስ ማን ያነበዋል? ለምንስ ይፈልገዋል?» ብለው ይጠይቁ፤ መልስ የሌለውን ፊልድ ያለ ጥርጥር ይሰርዙት።