አንድ ለውጥ፥ ብዙ ጠባይ

በአገራችን ገበሬ ስንዴ ሲዘራ ሦስት ነገር ይመኛል፤ ፍሬው እንዲበዛ፥ አገዳው እንዳይወድቅና ገለባው ለከብቱ እንዲበቃ። እኔም በባዮሎጂ ትምህርት ስለ ዘር መለወጥ ስንማር፥ «ሦስቱን ባንድነት የሚሰጥ ዘር ለምን አይገኝም?» ብዬ መምህራችንን ጠየቅኋቸው። ከእርሳቸው የተረዳሁትን ለአንባቢዎች እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ጂን ማለት ፍጥረት ሁሉ ከወላጆቹ የሚወርሰው የጠባይ መመሪያ ነው። በጂን ላይ የሚደርሰውም ለውጥ ሚውቴሽን ይባላል። ብዙዎቻችን አንድ ሚውቴሽን አንድ ጠባይ ብቻ የሚለውጥ ይመስለናል። ነገር ግን አንዱ ጂን በብዙ የአካል ክፍል ስለሚሠራ፥ እርሱ ሲለወጥ ብዙ ጠባይ አብሮ ሊለወጥ ይችላል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ኖሪን 10 የተባለው አጭር የጃፓን ስንዴ ነው። ይህ ዘር እ.ኤ.አ. በ1935 ለገበሬ ተሰጠ፤ በ1946 ወደ አሜሪካ ተወሰደ፤ ኋላም ኖርማን ቦርሎግ በሜክሲኮ ከሌሎች ዘሮች ጋር አዳቀለው። በኖሪን 10 የሚገኘው ሚውቴሽን፥ ተክሉ ጂበረሊን ለተባለው የማሳደጊያ ሆርሞን እንዳይታዘዝ ያደርገዋል። ስለዚህ አገዳው ያጥራል፤ ማዳበሪያ ቢበዛለትም በቀላሉ አይወድቅም፤ ፍሬውም ይበዛል። ይሁን እንጂ ገለባው አብሮ ያጥራል፤ ቡቃያውን ከአፈር የሚያወጣው ሽፋንም ያጥራል።

ይህንን ለመፈተን ከጓደኞቼ ጋር አንድ ረጅምና አንድ አጭር ስንዴ በትምህርት ቤቱ አትክልት ቦታ አጥልቀን ዘራን። ረጅሙ በደኅና በቀለ፤ ከአጭሩ ግን ብዙው አፈር ውስጥ ቀረ።

እንግዲህ ምርጫ፥ የተፈጥሮም ሆነ የሰው፥ ጠባዮችን ነጣጥሎ አይመዝንም፤ ጥቅሙንና ጉዳቱን ደምሮ ይፈርዳል። ስለዚህ ብዙ ጠባይ በኃይል የሚያናጋ ሚውቴሽን አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ይጠፋል፤ በጥቂቱ የሚነካው ግን ሳይታወቅ በዘሩ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስንዴን የሚያሳጥሩ ከ20 በላይ ጂኖች ቢታወቁም፥ በሰፊው የተዘሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ከማሳጠር ጋር ሌላ ጉዳት ያመጣሉና።

ፍርዱም እንደ ቦታው ይለያያል። እርጥበትና ማዳበሪያ ባለበት ኖሪን 10 የሰጠው ጂን ይረታል። እርጥበቱ ወደ ታች በራቀበትና ዘር ጠልቆ በሚዘራበት ደረቅ አገር ግን ይኸው ጂን ይጎዳል። ናዛሬኖ ስትራምፔሊ ከጃፓኑ አካኮሙጊ ወደ ኢጣልያ ስንዴ ያስገባው ሌላው የማሳጠሪያ ጂን ግን የቡቃያውን ሽፋን እምብዛም አያሳጥርም።

የጥያቄዬም መልስ ይህ ነው፤ ለሁሉ ቦታ የሚበጅ አንድ ዘር የለም። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ አባቶቻችን ያቆዩትን ልዩ ልዩ ዘር አንናቅ፤ ዛሬ የማይጠቅም የሚመስለን ነገ በሌላ ማሳ ይፈለጋልና።