የበዓሉ ድፎ በማግስቱ ለምን ይዝለገለጋል?

ጥያቄ፦ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ እናቴ እንዳስተማረችኝ ድፎ ዳቦ በኮባ እጋግራለሁ። ዘንድሮ ዕለቱን ደህና የነበረው ዳቦ በማግስቱ መሃሉ ተዝለግልጎ ሲቆረስ እንደ ክር ተሳበ፤ የበሰበሰ ፍራፍሬም ሸተተ። ምን አጥፍቼ ይሆን?
አንባቢ፣ ከፔዳ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ ሙያዎን አይጠራጠሩ። አፈርና ዱቄት ውስጥ ዳቦን እንዲህ የሚያዝለገልግ ባሲለስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ጠንካራ ቅርፊት ያለው ዘሩ በመጋገር አይሞትም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል፤ የዳቦው መሃልም ከዚያ እምብዛም አያልፍም። ድፎ ደግሞ ወፍራም ነው። ሙቀቱን ለሰዓታት ይዞ ስለሚቆይ በትኩሱ ከተሸፈነ ለባክቴሪያው ይመቸዋል፤ የክረምቱ እርጥበት ሲጨመርበት ይብሳል።

ስለዚህ ከምጣዱ እንደወጣ ኮባውን ገልጠው ሰፌድ ላይ ያቀዝቅዙት፤ በደንብ ሳይበርድ ፌስታል ውስጥ አያስገቡት። እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ግን እርሾውን ነው። በሱቅ እርሾ ብቻ ከማቡካት የቤት እርሾ ጨምረው ሊጡን ያሳድሩት፤ ኮምጣጣነቱ ባክቴሪያውን ይገታል። የእናትዎም ዘዴ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ማቡኪያውን አጥበው በኮምጣጤ ይጥረጉ፤ ዱቄቱንም ይቀይሩ።

የተዝለገለገውን ዳቦ፣ ቢያሳዝንም፣ ሙሉውን ይጣሉት። የበላ ሰው ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው፣ በተለይ ሕፃን ወይም አረጋዊ ከሆነ፣ ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።