እንግዳው ሳሎን ይቀመጥ፦ በቨርችዋል ማሽንና በኮምፒውተራችን መካከል ፋይል ስንጋራ



ይህችን መጽሔት ለዓመታት ስናሳትም የኖርነው ካዛንቺስ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት በሰፊው ሲፈርስ የለመድናቸው ማተሚያና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ተበተኑ። እኛም ፍላሽ ይዘን ቂርቆስ ክፍለ ከተማን ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው መዞር ጀመርን። ከብዙ ኮምፒውተር ጋር የተገናኘ ፍላሽ ምን ይዞ እንደሚመለስ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ፎልደሮቹ ይሰወሩና በቦታቸው ሾርትከት ይቀመጣል። ስለዚህ የሚዲያ ክፍላችን በጀመዓው ላፕቶፕ ላይ ቨርችዋልቦክስ ጫነ፤ የውጭ ፍላሽ የሚከፈተው በቨርችዋል ማሽኑ ውስጥ ብቻ እንዲሆንም ወሰንን። ሐሳቡ ትክክል ነበር። የተሳሳትነው በሩን ስንከፍት ነው።

ቨርችዋል ማሽን በኮምፒውተራችን ውስጥ የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር ነው። ዋናው “ባለቤት”፣ ውስጡ ያለው “እንግዳ” ይባላል። (ካዛንቺስም ስሙን ያገኘው ከቤት ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ኢንቺስ የሚባለው የመንግሥት ሠራተኞች የቤቶች ተቋም ከሠራቸው ቤቶች፣ ካዛ ኢንቺስ።) እንግዳው የራሱ ዲስክ ስላለው በር ካልከፈትንለት የባለቤቱን ፋይሎች አያይም። በሩ ሼርድ ፎልደር ነው። እኛ ለሥራ ይቀለን ብለን ዶክመንትስን በሙሉ፣ ከነመጻፍ ፈቃዱ ሰጠነው። እንግዳን ማክበር ሱና ነው፤ የመኝታ ቤት ቁልፍ መስጠት ግን ማክበር አይደለም።

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ወንድማችን በእንግዳው ውስጥ ሆኖ ቫይረስ የነካቸው የመሰሉትን ፎልደሮች አጠፋ። “ችግር የለም፣ ስናፕሾት አለን” ብለን ማሽኑን ወደ ቀድሞው ሁኔታ መለስነው። ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ተነሣ፤ የጠፉት ፎልደሮች ግን አልተመለሱም። ስናፕሾት የሚመልሰው የእንግዳውን ዲስክ ነው። ሼርድ ፎልደር ደግሞ ቅጂ አይደለም፤ እንግዳው የሚያየው ራሱን በባለቤቱ ዲስክ ላይ ያለውን ፋይል ነው። ሪሳይክል ቢን ውስጥም አላገኘናቸውም፤ እንግዳው ሼርድ ፎልደርን እንደ ኔትዎርክ ድራይቭ ስለሚቆጥረው ከዚያ የጠፋ ነገር ወደ ቅርጫት አይገባም። ከጠፉት መካከል ኡስታዛችን በአማና የሰጡን የተፍሲር ደርስ ቅጂዎች ነበሩ። ሌላ ቦታ ባክአፕ አለማድረጋችን የራሳችን ጥፋት ነው።

አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በእንግዳው ውስጥ ጌስት አዲሽንስ መጫን አለበት፤ ያለ እሱ ሼርድ ፎልደር አይሠራም። ከዲቫይስስ ሜኑ የጌስት አዲሽንስን ሲዲ አስገብታችሁ ትጭኑና ሪስታርት ታደርጋላችሁ። ቀጥሎ በባለቤቱ ላይ ሁለት ባዶ ፎልደሮች ትፈጥራላችሁ፤ እኛ “መግቢያ” እና “መውጫ” ብለናቸዋል። በሼርድ ፎልደርስ ሴቲንግ ሁለቱን ስትጨምሩ መግቢያው ላይ ሪድ ኦንሊ የሚለውን ምልክት አድርጉ፤ እንግዳው ያነባል፣ ማጥፋትም መለወጥም አይችልም። መጻፍ የሚፈቀድለት መውጫው ላይ ብቻ ነው። ኦቶ ማውንትን በሁለቱም ላይ ምረጡ፤ ማሽኑ እየሠራ ከሆነ ቋሚ እንዲሆን የሚጠይቀውንም እንዳትረሱ፣ አለዚያ ማሽኑን ስታጠፉት ሼሩ አብሮ ይጠፋል። ወደ መግቢያው የሚገባው ሁልጊዜ ኮፒ ነው፤ ዋናው ፋይል ካለበት አይንቀሳቀስ።

ፍላሹን ከዲቫይስስ ሜኑ በዩኤስቢ በኩል ለእንግዳው ታስተላልፋላችሁ። የእንግዳውን ኢንተርኔት ማጥፋትም ይቻላል፤ ፍላሽ ለመክፈት ኔትዎርክ አያስፈልገውም። በመውጫው የመጣ ፋይል ግን በእንግዳው ውስጥ ስላለፈ ብቻ አልጸዳም። እኛ ፒዲኤፍና ድምፅ ብቻ እናወጣለን፣ ባለቤቱ ላይ ስካን ሳናደርግም አንከፍትም። የፋይል ኤክስቴንሽን እንዲታይ ማድረግ ይጠቅማል፤ ፒዲኤፍ መስሎ መጨረሻው ላይ ኤክስ የሚል ብዙ አይተናል።

ለኦፕሬቲንግ ሲስተም ኮርስ ኡቡንቱን በእንግድነት የጫናችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥማችኋል። ሼሩ ሚዲያ በሚለው ማውጫ ውስጥ ይታያል፤ ልትከፍቱት ስትሉ ግን ፈቃድ የላችሁም ይላል። የተበላሸ ነገር የለም። የተጠቃሚ ስማችሁን ቪቦክስኤስኤፍ ወደሚባለው ግሩፕ ጨምሩና ሎግ አውት አድርጋችሁ ተመለሱ፤ ሎግ አውት ካላደረጋችሁ ለውጡ አይታይም፣ ብዙ ሰው ግማሽ ቀን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ፕሮጀክታችሁንም በሼሩ ላይ ኮምፓይል አታድርጉ። ሲምቦሊክ ሊንክ በነባሪ አይፈቀድም፣ የፋይል ፈቃድ መለወጥም እንደ ሊኑክስ ዲስክ አይሠራም፤ አንዳንድ ፓኬጆች በዚህ ምክንያት ሳይጫኑ ይቀራሉ። ወደ እንግዳው ሆም ኮፒ አድርጋችሁ እዚያ ሥሩ፤ ስትጨርሱ ውጤቱን ወደ መውጫው መልሱ።

ማሽኑን በሙሉ ለጓደኛ በፍላሽ ስትሰጡ ፍላሹ “ቦታ የለም” ካላችሁ ፎርማቱን ተመልከቱ። ፋት 32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ በኤክስፋት ፎርማት ሲደረግ ይቀበላል። ፎርማት ማድረግ ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ ግን አትርሱ።

ከተፍሲር ደርሱ የተወሰነውን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከአባላት ስልክና ቴሌግራም ሰብስበናል። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አሁንም አልተገኙም። በስልካችሁ ላይ ያላችሁ ካላችሁ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ የሚዲያ ክፍሉ ዘንድ ይዛችሁ ኑ፤ ፍላሽ ከሆነ እንግዳው ይቀበለዋል።