አገርን ሰው አድርገሽ ስትጽፊ

ልጄ፣ መንግሥታትን በአንድ ሰፈር ጎረቤታሞች መስለሽ የጀመርሽውን ስላቅ ደጋግሜ አነበብሁት። ብዕርሽ ስል ነው፤ ሳቁም ከልብ የመጣ ነው። ግን ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ተለይታ እንከን የሌለባት የኛዋ አገር ብቻ መሆኗ አሳሰበኝ። ይህን የምጽፍልሽ ለዚህ ነው።

1. ከራስሽ ቤት ጀምሪ። ጆን ቡል የሚባለውን የእንግሊዝ አምሳያ የፈጠረው የንግሥት አን ሐኪም የነበረው ጆን አርበትኖት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1712 በተከታታይ ባሳተማቸው ትንንሽ መጻሕፍት። ቢፈልግ ጀግና አድርጎ ሊያቆመው ይችል ነበር። እሱ ግን ጨርቅ ነጋዴ አደረገው፦ ቅንና ደፋር፣ ነገር ግን ቶሎ ግንፍል የሚል፣ መጠጥና ጨዋታ ወዳድ፣ ሰማዩ ሲጠቁር ፊቱ የሚጠቁር፣ የሒሳብ መዝገቡን ስለማያገላብጥ ሸሪኩም አሽከሩም የሚያታልለው። እንግሊዞች ይህን ሰው የራሳቸው አደረጉት። ከመቶ ዓመት በኋላም ሠዓሊዎቻቸው አገራቸውን በሰው ሲመስሉ የሚሥሉት ጆን ቡልን ነበር።

አርበትኖት ራሱ ስኮትላንዳዊ ነው፤ ስኮትላንድና እንግሊዝ በ1707 ከተዋሐዱ ደግሞ ገና አምስት ዓመታቸው ነበር። ስኮትላንድን የጆን ቡል እህት፣ ፔግ አድርጎ ጻፋት። ወንድሟ ፀሐይ በሚገባበት ምርጥ ክፍል ሲተኛ እሷ የሰሜን ነፋስ በሚገርፈው ጣሪያ ሥር ትኖራለች፤ በልጅነቷ በቅጡ ሳትበላ ያደገች ናት። ስለዚያ ውሕደት ብዙ ሐተታ አንብቤአለሁ፤ እንደዚያች የጣሪያ ሥር ክፍል አድርጎ ያስረዳኝ ግን የለም።

2. ሰሙ ብቻውን ይቁም። ወርቁን ያላወቀ አንባቢም በታሪኩ መያዝ አለበት። አርበትኖት የስፔንን ዙፋን የመውረስ ጦርነት እንዴት እንዳደረገው ተመልከቺ። ሎርድ ስትራት የተባለ ባለርስት (ስፔን) ይሞትና ርስቱ ለፊሊፕ ባቡን ይተላለፋል። የፊሊፕ አያት ሉዊስ ባቡን ነው፤ ይኸውም የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ። ለሟቹ ቤት ጨርቅ ሲያቀርቡ የኖሩት ጆን ቡልና ኒኮላስ ፍሮግ (ሆላንድ) አዲሱ ጌታ ደንበኝነቱን ወደ አያቱ እንዳያዞርባቸው ይሰጋሉ። ጠበቃ ይገዙና ክስ ይመሠርታሉ። ጠበቃው ሃምፍሬይ ሆከስ የጦር አዛዡ የማርልቦሮ መስፍን ነው። ክርክሩ ዓመታት ይፈጃል፤ ጠበቃው ይበለጽጋል፣ ጆን ቡል ዕዳ ውስጥ ይገባል። ይባስ ብሎም የሙግት ነገር ጥሞት እሱ ራሱ ጠበቃ ለመሆን ያምረዋል።

በርስት ክርክር የተራቆተ ቤት የማያውቅ የኛ አገር ሰው አለ? ስለ አውሮፓ ነገሥታት ምንም ያልሰማ ገበሬ ይህን ብታነቢለት ጦርነቱ ለምን ማቆሚያ እንዳጣ ይገባዋል። ለገበያ ሲባል የተጀመረ ነገር ነው፤ ኋላ ግን የሚያተርፍበት ሰው ተገኘ፣ ከሳሹም ሙግቱን ለመደው።

3. ብዕርሽ ለማን እንደሚሠራ እወቂ። አርበትኖት የጻፈው ጦርነቱ እንዲቆም ለሚፈልገው ለቶሪ ፓርቲ ነው፤ በ1713 የዩትሬክት ስምምነት ሲፈረም ወገኖቹ የፈለጉትን አገኙ። ሰላም መፈለጉ ደግ ነው። ማርልቦሮን ግን እንደ ጠላት እንጂ እንደ ዳኛ አልመዘነውም።

4. የገጸ ባሕርይሽን ጠባይ ከሥራው ቅጂ፤ ከደሙ አትቅጂ። በዚህ ላይ ምንም አልታገሥሽም። በ1857 የሕንድ ወታደሮች በእንግሊዝ ላይ ሲያምፁ፣ ፓንች በተባለው የለንደን ሳምንታዊ ላይ ጆን ቴኒየል አንድ ትልቅ ሥዕል አወጣ፦ የቤንጋል ነብር በወደቁ እናትና ሕፃን ላይ ቆሟል፣ የእንግሊዝ አንበሳ ዘልሎ ሊሰፍርበት ነው። የተገደሉ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ ሐዘኑ የእውነት ነበር። ነገር ግን ሕንድ ነብር ከሆነች ስለ ተወሰደባት መሬት፣ ስለ ተናቀው ሃይማኖቷ ማን ይጠይቃል? ነብር አቤቱታ የለውም፤ ይገደላል እንጂ። እንግሊዝም ያኔ የሚያስፈራ በቀል ፈጸመች። ያው ፓንች አየርላንዳውያንንም የዝንጀሮ ፊት እያላበሰ ለዓመታት ሲሥላቸው ኖሯል። ጆን ቡል ቁጡ ነው ስትይ ነገ ሊበርድ ይችላል፤ አንድን ሕዝብ አውሬ ስትይ ግን የመለወጫ በር ዘግተሽበታል።

5. ምሳሌው የት እንደሚያደርስ አስቀድመሽ አስቢ። በ1853 የሩሲያው ቀዳማዊ ኒኮላስ ከእንግሊዙ አምባሳደር ጋር ሲነጋገር የኦቶማንን መንግሥት በሽተኛ ሰው አለው። ቃሉ የርኅራኄ ይመስላል። ግን በሽተኛ ካለ መሞቱ ይጠበቃል፤ ሊሞት ከሆነ ውርሱን ከወዲሁ መነጋገር ይገባል፤ ንጉሡም የፈለገው ይህንኑ ነበር። በዚያው ዓመት ጦርነት ተነሣ። በሽተኛው እስከ 1922 ቆየ፤ የሩሲያ ነገሥታት ዙፋን ከሱ በፊት በ1917 ወደቀ።

6. በማዕዱ ዙሪያ ያልተቀመጠውን ፈልጊ። በ1898 ለ ፕቲ ዡርናል የተባለው የፓሪስ ጋዜጣ ባወጣው ሥዕል ቻይና ትልቅ ኬክ ናት። ንግሥት ቪክቶሪያ፣ የጀርመኑ ዊልሄልም፣ የሩሲያው ዳግማዊ ኒኮላስና የጃፓን ሳሙራይ ዙሪያውን ተቀምጠዋል፤ ፈረንሳይን የምትወክለው ማሪያን ከኒኮላስ አጠገብ ቆማለች። ከኋላቸው አንድ ቻይናዊ ሹም ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ይጮኻል፤ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እኔ ይህን ሥዕል ሳይ የሚታወሰኝ ታኅሣሥ 1935 ነው። የእንግሊዝና የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሆርና ላቫል የአገራችንን ሰፊ ክፍል ለጣልያን ለመስጠት ሲስማሙ እኛን የጠየቀን አልነበረም። ምስጢሩ በጋዜጣ ወጣ፣ ሕዝቡ ተቆጣ፣ ሆርም ሥልጣኑን ለቀቀ። እጁን የሰቀለውን ሰው ጋዜጣ ሲያሳይ እንዲህ ያለ ነገርም ይሆናል።

7. ሹም እንደሚቆጣ ዐውቀሽ ግቢበት። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከላፎንቴን ተረቶች ተነሥተው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመድያ»ን በጻፉ ጊዜ የተናገሩት እንስሳት ነበሩ፤ የተነኩት ግን መኳንንቱ ናቸው። ተውኔቱም ታገደ። እኒያው ሰው ኋላ በጄኔቭ ቆመው በመንግሥታት ማኅበር ስለ አገራቸው ተከራክረዋል።

8. ለምትጠይውም ፍረጂለት። ጆርጅ ኦርዌል «የእንስሳት እርሻ» የተባለ ታሪኩን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ፣ መጽሐፉ በ1945 ሊታተም ወራት ሲቀሩት አንድ እርማት አሳታሚውን ለመነ። ጠላት የነፋስ ወፍጮውን ሲያፈነዳ እንስሳቱ ሁሉ፣ አሳማው ናፖሊዮንም ሳይቀር፣ በደረታቸው እንደ ተደፉ ጽፎ ነበር። ከናፖሊዮን በቀር ተብሎ ይታረም አለ። ናፖሊዮን ስታሊን ነው፤ ኦርዌል ስታሊንን አምርሮ ይጠላው ነበር፤ ጀርመኖች ሲገፉ ግን ስታሊን ሞስኮን ጥሎ አልሸሸም።