የጠላቂ ዋናተኛ የእግር ክንፍ፤ ዓይነቱና አመራረጡ

እኛ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን ተማሪዎች ስለ ጠላቂ ዋናተኛ መሣሪያ ለመጻፍ ስንነሣ፣ «የደጋ ሰው ስለ ባሕር ምን አገባው?» የሚል ጓደኛ እንደማይታጣ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ውሃ ሰውን የሚወስደው በባሕር ብቻ አይደለም። ከአርብ ገበያ ተነሥቶ ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ በክረምት የሞላ ወንዝ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። በአዲስ አበባም ድንጋይ ወጥቶባቸው ሳይደፈኑ የቀሩ ጉድጓዶች ክረምት ሲገባ ውሃ ያቁራሉ፤ ለመዋኘት የገቡ ልጆችም በዚያው ሰጥመው የሚቀሩበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ የሚጠሩት የከተማው የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች ናቸው። ስለዚህ የጠላቂ መሣሪያ ነገር የባሕር ጠረፍ ሰዎች መዝናኛ ብቻ ሳይሆን ለእኛም የሚያስፈልግ ትምህርት ነው። በዚህ ጽሑፍ ከመሣሪያዎቹ አንዱን፣ ማለትም እንደ ጫማ በእግር የሚደረገውን ክንፍ፣ በየዓይነቱ እናነጻጽራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ክንፉ የሚሠራው እንዴት ነው?

አንድ ስፍር ውሃ ከአንድ ስፍር አየር 800 ጊዜ ያህል ይከብዳል። በዚህ ከባድ ነገር ውስጥ ወደ ፊት ለመሄድ የሚፈልግ ሰው ውሃውን ወደ ኋላ መግፋት አለበት፤ ኒውተን እንዳስተማረው ለማንኛውም ግፊት አጸፋ አለውና። የሰው እግር ግን ጠባብ ስለ ሆነ የሚገፋው ውሃ ጥቂት ነው። ጥቂት ውሃ በጥድፊያ ከመግፋት ብዙ ውሃ በዝግታ መግፋት ጉልበት ይቆጥባል። ታንኳ ቀዛፊ ጫፉ ሰፋ ያለ መቅዘፊያ የሚመርጠውም ስለዚሁ ነው።

የዳክዬን እግር ያስተዋለ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። ዳክዬ እግሩን ወደ ኋላ ሲገፋ ጣቶቹን ስለሚዘረጋ በመካከላቸው ያለው ቆዳ ይሰፋል፤ ወደ ፊት ሲመልስ ግን ጣቶቹን ስለሚያጥፍ ውሃው ብዙ አያግደውም። ሰው የሠራው ክንፍ እንደዚህ መታጠፍ አይችልም፤ በመታጠፍ ፈንታ ይለመጣል። እንግዲህ ክንፍ የሚመዘነው በሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም ምን ያህል ውሃ እንደሚገፋና ምን ያህል እንደሚለመጥ ነው።

አጭር ታሪክ

አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በልጅነቱ፣ በ1700ዎቹ መጀመሪያ፣ በእጅ የሚያዙ ሞላላ የእንጨት ገበታዎች ሠርቶ ይዋኝ ነበር። ለእግሩም ሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን ዋናተኛ በውስጥ እግሩና በቁርጭምጭሚቱ ጭምር ውሃ እንደሚገፋ ስለ ተረዳ የእግሩ መሣሪያ አላስደሰተውም። የዛሬው የጎማ ክንፍ አባት ተብሎ የሚታወቀው ሉዊ ደ ኮርልዮ የተባለ የፈረንሳይ የባሕር ኀይል መኮንን ነው። በ1933 ፈጠራውን ሲያስመዘግብ የሰጠው ስም «የመዋኛና የነፍስ ማዳኛ መግፊያ» የሚል ትርጉም እንዳለው ልብ ይሏል። ከእርሱ ፈቃድ የወሰደው አሜሪካዊው ኦወን ቸርችል በ1940 ክንፉን ለገበያ አቀረበ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የባሕር ኀይል ጠላቂዎች ተጠቀሙበት። በ1943 ኩስቶና ጋኛን በውሃ ውስጥ የሚያስተነፍሰውን መሣሪያ ከሠሩ በኋላ ክንፍ የጠላቂ ሁሉ ዕቃ ሆነ።

የክንፍ ዓይነቶች

በእግር አገባቡ ክንፍ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው እንደ ኮንጎ ጫማ ተረከዝን ጭምር የሚሸፍን ነው፤ ባዶ እግር ይገባበታል፣ ቀላል ነው፣ ለሞቃት ባሕር ይስማማል። ሁለተኛው ተረከዙ ክፍት ሆኖ እንደ በረባሶ በማሰሪያ የሚያዝ ነው። ይህኛው ከውስጡ ወፍራም የጎማ ጫማ ስለሚደረግበት እግርን ከብርድ፣ ከድንጋይና ከጠርሙስ ስባሪ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል።

በቅጠሉ አሠራር ደግሞ ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፤

፩ኛ፤ ድፍን ቅጠል። ሰፊና አንድ ወጥ ነው። ጠንካራው ዓይነት ኀይለኛ ግፊት ይሰጣል፤ ያልለመደ እግር ግን ቶሎ ይደክምበታል።

፪ኛ፤ ቀዳዳ ያለው ቅጠል። ፈረንሳዊው ዦርዥ ቡሻ በ1964 ያወጣው «ጄት ፊን» የዚህ ዓይነት ነው። እግር ወደ ኋላ ሲመለስ ውሃው በቀዳዳዎቹ እንዲያልፍና እገዳው እንዲቀንስ ታስቦ የተሠራ አጭር፣ ከባድና ጽኑ ክንፍ ነው።

፫ኛ፤ ስንጥቅ ቅጠል። መካከሉ ተሰንጥቆ ሁለት ቅጠል የሆነ ነው፤ ከ1990ዎቹ ወዲህ ተስፋፋ። በቀላል ምት ስለሚያስኬድ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ የሚያመው ሰው ይወደዋል።

፬ኛ፤ ረጅም ቅጠል። ያለ አየር ሲሊንደር፣ ትንፋሹን ይዞ ለሚጠልቅ ሰው የተሠራ ነው። በአንድ ምት ሩቅ ያስኬዳል፤ በጠባብ ቦታ ግን ለመዞር ያስቸግራል። ሁለቱን እግር በአንድነት የሚያስገባውና የዓሣ ጅራት የሚመስለው ክንፍም የዚሁ ዘመድ ሲሆን ለፈጣን ውድድር ያገለግላል።

ማነጻጸር

«ታዲያ የትኛው ይበልጣል?» ብሎ መጠየቅ፣ «ከማረሻና ከማጭድ የትኛው ይበልጣል?» እንደማለት ነው። መልሱ የሚገኘው ከሥራው ነው። የእግር ምት በሁለት ዋና ዋና ዓይነት ይከፈላል። አንደኛው እግርን ተራ በተራ ወደ ላይና ወደ ታች መምታት ነው፤ ሁለተኛው እንደ እንቁራሪት ሁለቱን እግር ከፍቶ መግጠም ነው። ስንጥቅ ክንፍ ለመጀመሪያው ምት ይመቻል፤ ለእንቁራሪት ምት፣ ወደ ኋላ ለማፈግፈግና ባሉበት ለመዞር ግን ደካማ ነው። በነዚህ ሁሉ አጭሩና ጽኑው ክንፍ ይበልጠዋል።

የጉልበትም ነገር አለ። ከዐቅሙ በላይ ጽኑ ክንፍ ያደረገ ጠላቂ እግሩን ቁርጠት ይይዘዋል፤ ከደከመ ትንፋሹ ይበዛል፤ ትንፋሹ ከበዛ በጀርባው የተሸከመው አየር ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ «ጠንካራ ክንፍ ለጠንካራ ሰው» የሚለው አነጋገር ማንንም ማታለል የለበትም።

ወደ አገራችን ውሃ ስንመለስ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠራል። ጣና ሰፊ ቢሆንም ከፍተኛው ጥልቀቱ 14 ሜትር ያህል ነው፤ ነፋስ ሲነሣ ከታች ያለው ደለል ይታወካል። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው። ድንጋይ የወጣባቸው ጉድጓዶችም ከታች ጭቃ ናቸው። በእንዲህ ያለ ውሃ ወደ ታች የሚመታ እግር ጭቃውን ያስነሣል፤ የሰጠመ ልጅ የሚፈልገው ጠላቂም በገዛ ክንፉ ዓይኑን ያሳውራል። የእንቁራሪት ምት ግን ውሃውን ወደ ኋላ እንጂ ወደ ታች ስለማይገፋ ደለሉን ብዙ አይነካም። ስለዚህ ለፍለጋና ለነፍስ ማዳን ሥራ አጭር፣ ጽኑ፣ ተረከዙ ክፍት የሆነውንና ከጎማ ጫማ ጋር የሚደረገውን ክንፍ እንመርጣለን። ወደ ጉድጓዱ አፋፍ የሚያደርሰው መንገድ ድንጋያማ መሆኑም ምርጫችንን ያጠናክረዋል። ረጅሙ ክንፍ ጥልቅና ጥሩ ውሃ ላለበት ባሕር ይቅር።

የሞላ ወንዝ ግን ሌላ ነው። ግንድና ድንጋይ እየጠረገ የሚወርድ ጎርፍ በየትኛውም ክንፍ አይሸነፍም። እዚያ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ከዳር የሚወረወር ገመድና ወንዙ እስኪጎድል የመታገሥ ልማድ ነው።

ማጠቃለያ

ክንፍ የእግርን ኀይል ያበዛል እንጂ መዋኘትን አያስተምርም። በባዶ እግሩ መዋኘት ያልቻለ ሰው ክንፍ አድርጎ ወደ ጥልቅ ውሃ ቢገባ አደጋውን ያባብሳል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ዋና መማር፣ ቀጥሎ ምቱን በአስተማሪ ፊት መለማመድ፣ ከዚያ በኋላ ክንፍ መምረጥ ነው።

ጠላቂነት መዝናኛ ብቻ ነው የሚሉንም አንድ ነገር ያስታውሱ። ኅዳር 23 ቀን 1996 (በአውሮጳ ወር) ተጠልፎ የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ነዳጁ አልቆ በኮሞሮስ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ፣ ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞተው 50ዎቹ ተረፉ። ለእርዳታ ከደረሱት መካከል ለዕረፍት የመጡ ጠላቂ ዋናተኞች ይገኙ ነበር። በዕረፍት ቀን የተለማመዱት ጥበብ በክፉ ቀን ወገኖቻችንን ጠቀመ። በየዩኒቨርሲቲው ያለን ተማሪዎች ከኳስ ሜዳው ጎን ለጎን የዋና ትምህርት እንዲሰጠን የስፖርት ክፍሎቻችንን ብንጠይቅ፣ ክረምት ወደ አገር ቤት ስንመለስ ከወንዝ ዳር ቆሞ ከመጮኽ የተሻለ የምናበረክተው ነገር ይኖረናል።