ሀርድ ዲስክ ሲገለበጥ፦ ቅጂው ብቻውን ተነስቶ እስኪታይ አንመነው



መስከረም 10 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 20 ቀን 2020) ሌሊት ካምፓላ የሚገኘው የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ዋና ሕንፃ በእሳት ጋየ። በሕንፃው ውስጥ የሂሳብና የመዝገብ ክፍሎች ነበሩበት። ሕንፃ ተመልሶ ይሠራል፤ ይኸኛውም ተሠርቷል። ሌላ ቅጂ የሌለው መዝገብ ግን አንዴ ከተቃጠለ ተመልሶ አይገኝም።

በእኛ በስደተኞች ዘንድም የጉዳይ ማመልከቻ፣ የልጆች የትምህርት ማስረጃና የወላጅ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ በአንድ አሮጌ ሀርድ ዲስክ ላይ ብቻ ይቀመጣል። ስለሆነም ዛሬ ዲስክን በሙሉ ስለመገልበጥና ስለመመለስ፣ በተለይም ሰውን ስለሚያታልሉት ጠባዮቹ እንማማራለን።

በመጀመሪያ ፋይል መቅዳትና ዲስክ መገልበጥ የተለያዩ ናቸው። ፋይሎቹን ብቻ ብንቀዳ ሰነዱ ይድናል፤ ኮምፒዩተሩ ግን በአዲሱ ዲስክ አይነሳም። ማስነሻው የሚቀመጠው በማይታይ የዲስኩ ክፍል ውስጥ ነውና። ሁሉንም አንድ ላይ በመገልበጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኒውዚላንድ የተሠራው ጎስት የተባለው ፕሮግራም ነበር። ሲማንቴክ እ.ኤ.አ. በ1998 ገዝቶት ለቤት ተጠቃሚዎች የሚሸጠውን እ.ኤ.አ. በ2013 አቆመ። ዛሬ ክሎንዚላ የተባለው በነፃ ይገኛል።

ሀ/ ምንጭና መድረሻ። ፕሮግራሙ ከየትኛው ዲስክ ወደ የትኛው እንደሚገለብጥ ይጠይቃል። ከተሳሳትን ባዶው በሙሉው ላይ ይገለበጥና ሰነዱ ይጠፋል። ሁለቱም እኩል መጠን ካላቸው መለየት ያስቸግራልና በላያቸው የታተመውን መለያ ቁጥር አስቀድመን በወረቀት እንጻፍ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ለ/ መጠን። 500 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠ ዲስክ በዊንዶውስ 465 ያህል ሆኖ ይታያል። ፋብሪካው በ1000፣ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥሩ እንጂ ማጭበርበር አይደለም። ይሁን እንጂ 500 የሚል ጽሑፍ ያለባቸው የሁለት ፋብሪካ ዲስኮች በጥቂት ሊበላለጡ ይችላሉ። መድረሻው በትንሹም ቢሆን ካነሰ ሥራው እንቢ ሊል ይችላል። መድረሻው ትልቅ ሲሆን ደግሞ ትርፉ ቦታ ሳይመደብ ይቀራል። ጠፋ ብለን አንደንግጥ፤ በኋላ ማስፋት ይቻላል።

ሐ/ መንትዮቹ። ቅጂው የዋናውን ዲስክ ውስጣዊ መለያ ጭምር ይወስዳል። ሁለቱን በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሰክተን ብናስነሳ ዊንዶውስ አንዱን ከሥራ ውጭ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ መገልበጡ እንዳለቀ ኮምፒዩተሩን አጥፍተን፣ አሮጌውን ነቅለን፣ በቅጂው ብቻ እናስነሳ። ፈተናው ይኸው ነው።

መ/ መብራት ቢጠፋ። ዋናው ዲስክ የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት ስላልሆነ ሰነዱ በቦታው ይቆያል። በግማሽ የቀረው ቅጂ ግን አይታመንም፤ ከመጀመሪያው ይጀመር።

ሠ/ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ሲመለስ። ሰማያዊ ስክሪን ቢመጣ ዲስኩ ተበላሸ ብለን ቶሎ አንጣለው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በባዮስ ውስጥ ያለው የዲስክ ወይም የማስነሻ ምርጫ ከቀድሞው ጋር አለመመሳሰሉ ነው። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ሊጠየቅ ይችላል። ቁጥሩ ከሌለ ቅጂው ቢኖርም ሰነዱ እንደሌለ ነውና በወረቀት ጽፈን ከኮምፒዩተሩ ለይተን እናስቀምጠው።

ረ/ ቀጭ ቀጭ የሚል ዲስክ። ይህ እየሞተ ነው። የጥገና ፕሮግራም ብናስጀምርበት ቀሪ ዕድሜውን ይበላል። አጥፍተን፣ የተበላሸውን ቦታ እየዘለለ የሚገለብጥ ፕሮግራም ላለው ባለሙያ እንስጠው።

በመጨረሻም፣ አሮጌው ዲስክ ከተገለበጠ በኋላም ሁሉንም እንደያዘ ነው። በማመልከቻችን ውስጥ አገር ቤት የቀሩ ዘመዶች ስምና አድራሻ ይኖራል። ስለዚህ ጠጋኙ ዘንድ ሥራው እስኪያልቅ አብረን እንቀመጥ፤ ስንመለስም ሁለቱንም ዲስኮች ይዘን እንመለስ። ቤት ከገባን በኋላ ግን ሁለቱን በአንድ ጣራ ሥር አናስቀምጥ። አንዱን ለምናምነው ወገን በአደራ እንስጥ። እሳት የመጣ ዕለት የሚያድነን በሌላ ቤት ያለው ቅጂ ነው።

ቸር ይግጠመን።