ባለቀለም ሽሪምፕ በቤት ውስጥ፦ ከውሃው ይጀምሩ

በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በቢጫና በብርቱካናማ ቀለም የሚያንጸባርቁት ትናንሽ ሽሪምፖች ጨው በሌለው ውሃ የሚኖሩ ፍጥረቶች ናቸው። ትልቋ እንኳ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብትደርስ ነው። ቀኑን ሙሉ ከቅጠልና ከድንጋይ ላይ አልጌ እየለቀሙ ሲበሉ ማየት ያረካል፤ ከዓሣ ያነሰ ቦታና ያነሰ ምግብም ይበቃቸዋል። ሆኖም ብዙ ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያጣቸዋል። የሚገድላቸው አብዛኛውን ጊዜ ቸልተኝነት ሳይሆን ችኮላ ነው፦ ውሃው ሳይዘጋጅ ማስገባት፣ በአንዴ ብዙ ውሃ መቀየር፣ ምግብ ማብዛት። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ይህን ችኮላ ለማስቀረት የታሰበ ነው። ሽሪምፑም የሚገዛው በአምስተኛው ደረጃ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ዝርያውን ይለዩ

ለጀማሪ የሚሻለው ኒዮካሪዲና የሚባለው ወገን ነው። ገበያ ላይ ቼሪ፣ ብሉ ድሪም፣ የሎው እየተባሉ የሚሸጡት የዚሁ የአንድ ዝርያ ልጆች ናቸው። በትውልድ አገሩ በምሥራቅ እስያ ወንዞችና ጅረቶች ሽሪምፑ ቡናማና ውስጡ የሚታይ ነው፤ ደማቁ ቀለም የመጣው አርቢዎች ደመቅ ያሉትን እየለዩ ስላራቡ ነው። ስለዚህ ቀይና ሰማያዊ አብረው ከኖሩ እርስ በርስ ይዳቀላሉ፤ ከጥቂት ትውልድ በኋላም ልጆቹ ወደ ዱሩ ቡናማ ቀለም ይመለሳሉ። ደንቡ አጭር ነው፦ አንድ ገንዳ፣ አንድ ቀለም።

ቀይና ነጭ ሰንበር ያለው ክሪስታል ሬድ ግን ካሪዲና ከሚባለው ሌላ ወገን ነው። ጃፓናዊው ሂሳያሱ ሱዙኪ ከጥቁርና ነጭ ሽሪምፖች መካከል ብቅ ያሉትን ቀያዮች በ1990ዎቹ እየመረጠ በማራባት ያወጣው ሲሆን፣ ማዕድኑ ያነሰና ወደ አሲድነት ያዘነበለ ውሃ ይፈልጋል። ከኢንዶኔዥያዋ የሱላዌሲ ደሴት ሐይቆች የሚመጡት ደግሞ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ይሻሉ። ሁለቱም ልምድ ላለው ሰው ናቸው። የሚከተሉት ቁጥሮች ሁሉ ለኒዮካሪዲና ናቸው።

ደረጃ 2፦ ገንዳውን ያሰናዱ

- ገንዳ፦ ቢያንስ 20 ሊትር፣ ቢቻል 40 ሊትር። ብዙ ውሃ ቶሎ አይለዋወጥም።
- ማጣሪያ፦ በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ። 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑትን ግልገሎች ስቦ አያስገባም።
- ወለል፦ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ አሸዋ። ሽሪምፖቹ በጠቆረ ወለል ላይ ቀለማቸው ይበልጥ ይደምቃል።
- ተክል፦ ጃቫ ሞስ። ለግልገሎች መደበቂያም ማሳደጊያም ነው።
- ማሞቂያና ቴርሞሜትር፦ ውሃው ከ22 እስከ 24 ዲግሪ እንዲሆን።

በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን፣ በእኩል ሙቀት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ገደማ ስለሚያንስ የአየር ፓምፑ ሌሊትም መቆም የለበትም። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ማስቀመጥ ይጠቅማል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ደግሞ የምትጠነቀቁት ለሙቀቱ ነው፤ በበጋ ኤር ኮንዲሽነሩን አጥፍቶ መውጣት ውሃውን ከ30 ዲግሪ ሊያሳልፈው ይችላል።

ደረጃ 3፦ ውሃውን ያስተካክሉ

የቧንቧ ውሃ ላይ የሚጨመረው ክሎሪን ሽሪምፕ ይገድላል። ውሃውን አፉ በተከፈተ ባልዲ ለ24 ሰዓት ያሳድሩት፤ አየር ቢነፋበት ክሎሪኑ ቶሎ ይወጣል። አንዳንድ ከተሞች ግን በክሎሪን ፋንታ ክሎራሚን ይጠቀማሉ፤ ለምሳሌ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምታገኘው ውሃ አብዛኛውን ዓመት በክሎራሚን የታከመ ነው። ክሎራሚን በማሳደር ብቻ አይጠፋም፤ ከዓሣ ዕቃ መደብር የሚገዛ ማርከሻ ያስፈልገዋል።

በመቀጠል በመመርመሪያ ኪት ይለኩ። ፒ ኤች ከ6.8 እስከ 7.8፣ ጂ ኤች የሚባለው የካልሲየምና የማግኒዥየም መጠን ከ6 እስከ 10 ቢሆን ጥሩ ነው። ሽሪምፕ ቅርፊቱን እየጣለ ስለሚያድግ፣ ካልሲየም ባነሰበት ውሃ አዲሱ ቅርፊት አይጠነክርለትም።

ደረጃ 4፦ ውሃው እስኪበስል ይጠብቁ

ማጣሪያውን አስነስተው፣ ተክሉን ተክለው፣ በየሁለት ቀኑ ቁንጣሪ የዓሣ ምግብ ይጨምሩ። ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣል፤ ስፖንጁ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። ይህ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም 0 ሲያሳዩ፣ ናይትሬት ደግሞ ከ20 ሚሊ ግራም በሊትር በታች ሲሆን ውሃው ደርሷል። መስታወቱና ድንጋዩ ላይ ስስ አረንጓዴ አልጌ ከታየ ደግሞ እሰየው፤ አይጥረጉት። የግልገሎቹ የመጀመሪያ ማዕድ ነው።

ደረጃ 5፦ አይተው ይግዙ

ከ10 እስከ 15 የሚሆኑ፣ ገና ያልጎለመሱ ሽሪምፖች ይምረጡ። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 2 ዓመት ስለሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ያደገ ሽሪምፕ ብዙ ጊዜ አይቀረውም። ወጣቶቹ ደግሞ አዲስ ውሃ ቶሎ ይለምዳሉ። ጤነኛ ሽሪምፕ ያለማቋረጥ ይለቅማል። እነዚህን ምልክቶች ካዩ ከዚያ ገንዳ አይግዙ፦

- ሥጋው እንደ ወተት የነጣ፣
- ወገቡን ዙሪያውን የሚከብ ነጭ ቀለበት ያለበት፣
- ከሆዱ ሥር አረንጓዴ ክር የሚመስል ነገር የተጣበቀበት።

ሴቷ ተለቅ ያለች፣ ሆዷ ክብ፣ ቀለሟም የጠለቀ ነው፤ ወንዱ ቀጠን ያለና ፈዘዝ ያለ ነው። ስለዚህ ፈዛዛዎቹን ሁሉ ትተው ደማቆቹን ብቻ ከወሰዱ ወንድ ላይኖርዎት ይችላል። ሻጩንም የውሃውን ሙቀትና ፒ ኤች ይጠይቁ።

ደረጃ 6፦ በጠብታ ያላምዱ

ሽሪምፖቹን ከነመጡበት ውሃ ንጹሕ ባልዲ ውስጥ ያድርጉ። ያልተጠቀሙበትን የግሉኮስ ቱቦ ከገንዳው ወደ ባልዲው ዘርግተው በሰከንድ 2 ጠብታ ያህል እንዲወርድ ያስተካክሉት። ውሃው ሦስት እጥፍ እስኪሆን፣ ምናልባት 2 ሰዓት ገደማ ይጠብቁ። ከዚያ በመረብ አንሥተው ያስገቡ፤ የባልዲውን ውሃ ግን ወደ ገንዳው አይጨምሩ። የገንዳውን መብራት ለዚያን ቀን ያጥፉት።

ደረጃ 7፦ በልክ ይመግቡ

ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ምግብ አያስፈልግም። ከዚያ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ብቻ፣ በ2 ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ መጠን ይስጡ። ለሽሪምፕ የተዘጋጀ ምግብ ከሌለ በደንብ ታጥቦ ለጥቂት ደቂቃ የተቀቀለ ቆስጣ ወይም የተላጠ ዙኪኒ ይሆናል። የተረፈውን ያውጡ፤ ካደረ ውሃውን ይበክላል፣ ግልገል የሚበሉ ጠፍጣፋ ነጭ ትሎችንም ያበዛል።

ደረጃ 8፦ በየሳምንቱ ጥቂት ይሥሩ

ከውሃው 10 በመቶ ያህሉን ብቻ፣ በእኩል ሙቀት ባለ ውሃ፣ ቀስ ብለው ይቀይሩ። ድንገተኛ ለውጥ ሽሪምፑን ያለጊዜው ቅርፊት ያስጥለውና ይገድለዋል። ተንኖ የጎደለውን ግን በተጣራ ማዕድን አልባ ውሃ ይሙሉ፤ ውሃ ሲተን ማዕድኑ ስለሚቀር በቧንቧ ውሃ መሙላት ጂ ኤቹን ከፍ ያደርገዋል። ስፖንጁን የሚያጥቡት ከገንዳው በቀዱት ውሃ ይሁን፤ የቧንቧው ክሎሪን ባክቴሪያዎቹን ይፈጃል። ገንዳው ውስጥ ባዶ ቅርፊት ሲያዩ አይደንግጡ፣ አያውጡትም፤ ሽሪምፖቹ ማዕድኑን መልሰው ይበሉታል።

በጣም የሚያስፈሩ መርዞች ሦስት ናቸው፦ መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት፣ የትንኝና የበረሮ መርጫ፣ እንዲሁም በአዲስ ተክል ላይ የቀረ ፀረ ተባይ። ገንዳው ባለበት ክፍል ምንም አይርጩ፤ አዲስ ተክልም ውሃውን እየቀያየሩ 2 ሳምንት ለብቻው ያቆዩ።

ደረጃ 9፦ ሲራቡ ቀለሙን ይጠብቁ

ሁሉ ከተሟላ ሴቷ ከ20 እስከ 30 እንቁላል ሆዷ ሥር ይዛ፣ በእግሮቿ እያራገበች ከ3 እስከ 4 ሳምንት ትቆያለች። የሚፈለፈሉት የወላጆቻቸው ትንንሽ አምሳያ ሆነው ነው። ዓሣ ግልገል ይበላልና አብሮ አያኑሩ። አማኖ የሚባለው ሽሪምፕ ግን ጥሩ ጎረቤት ነው፤ ከእነርሱ ጋር አይዳቀልም። ፈዛዛ ሆነው ያደጉትን ወደ ሌላ ገንዳ ያዛውሩ፤ ይህ ምርጫ ከቆመ ቀለሙ በየትውልዱ ይደበዝዛል።

ሲበዙ ወደ ወንዝም ወደ ሐይቅም አይልቀቋቸው። በጀርመን ከኤሌክትሪክ ማመንጫ ሞቅ ያለ ውሃ በሚፈስበት ጊልባኽ በተባለ ጅረት ኒዮካሪዲና ዛሬ በራሱ እየተራባ ይኖራል፤ ሞቃት በሆኑት ሐይቆቻችን ቢገባ መልሶ ማውጣት አይቻልም። የተረፈዎትን ለሚፈልግ ሰው ይስጡ። ሲሰጡም የውሃዎን ሙቀት፣ ፒ ኤችና ጂ ኤች በወረቀት ጽፈው፣ ከገንዳዎ ጭብጥ ሞስ ጨምረው ይላኩለት፤ ተቀባዩ ከመውሰዱ በፊትም ገንዳውን ማብሰሉን ይጠይቁት።